በሊጥ የደፈንኩት ሞተር

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው ነገር በአንድ ጤነኛ ሰው ላይ እንዴት ሊደርስ እንደቻለ እንዲገባችሁ ነው። ለንደን ከገባሁ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ስወጣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ የራሴ ስልክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሱቅ ውስጥ በራሱ ሒሳብ የሚቀበለው ማሽን ጮኾብኝ ሽንኩርቴን ጥዬ የወጣሁበት ቀን አለ። አውቶቡስ ውስጥ የመውረጃውን ደወል መጫን ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪጫነው እጠብቃለሁ። የሚወርድ ሰው ካልተገኘ እኔም አልወርድም። በዚህ ምክንያት የለንደንን ሰሜን ክፍል በእግሬ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ያለች ሴት ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች ብትሉ፣ ትጠርጋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ታጥባለች፣ ታሸታለች።

አዎ፣ ታሸታለች። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገሩ አልረጋ ሲል ከደብረ ብርሃን ያስመጣችኝ አክስቴ ናት። ባሏ ጋሽ ወርቁ በደርግ ጊዜ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ አርችዌይ ከሱቆቹ ጀርባ ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ ጋራዥ አላቸው። ጋሽ ወርቁ እውቀት አላቸው፣ ወሬ አላቸው፣ አፍንጫ ግን የላቸውም። ማለቴ አፍንጫው ቦታው ላይ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሲስብ ኖሮ ሥራ አቁሟል። ስለዚህ መኪና ሸተተ ተብሎ ሲመጣ፣

«አፍንጫዬ የት ሄደች?» ብለው ይጣራሉ።

እኔ ነኝ። መጥረጊያዬን አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ አጎንብሼ አሸታለሁ፤ «ቤንዚን» ወይም «የተቃጠለ ጎማ» ብዬ እመለሳለሁ። በቀን ከሁለት ቃል በላይ ስለማልናገር ሥራው በጣም ተስማምቶኝ ነበር፤ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ናቲ መጣ። ናቲ ኪልበርን የሚኖር፣ እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የእኛው ልጅ ነው። ሰማያዊ መኪና አለችው፤ ተርቦ ያላት። ከሚስት በላይ ነው የሚወዳት፤ ሚስት የለውም እንጂ ቢኖረው ማለቴ ነው። ሞተሩን አስነስቶ እንደቆመ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ሽታው ሊገድለኝ ነው፣ ኦነስትሊ። መብራት ላይ ስቆም ዘይት ዘይት ይላል። ነገ እናቴን ይዤ ብሪክስተን መሄድ አለብኝ። እሷ ደግሞ አስም አለባት። ፕሊዝ ቼክ አድርግልኝ።»

ለጋሽ ወርቁ «አድርግልኝ» ሲላቸው እኔ ነኝ የደነገጥኩት። እሳቸው ለምደውታል።

ኮፈኑን ከፈቱ። እኔም ጠጋ አልኩ። እዚህ ላይ ልቤ ዘለለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የማውቀውን ነገር አየሁ! ከሞተሩ አናት ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ይወጣሉ፤ ሄደው አንዲት የምታብረቀርቅ ጣሳ ውስጥ ይገባሉ። በቱቦዎቹ የሚመጣው ትኩስ እንፋሎት ጣሳዋ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ይጠራቀማል። በጣሳዋ ክዳን ላይ ደግሞ ሎሚ የምታክል ማጣሪያ ተተክላለች።

እናቴ ያሳደገችኝ አረቄ አውጥታ በመሸጥ ነው። ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈው ዕቃ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተማርኩ ይባላል እንጂ የእኔ ትምህርት ቤት ያ ጓዳ ነበር። እና የናቲ መኪና ውስጥ ያለው ነገር ቁርጥ እሱ ነው። የሚወጣው ዘይት ይሁን እንጂ ሥራው የአረቄ ነው።

ጋሽ ወርቁ አንዱን ቱቦ ነካ ነካ አድርገው ማጥበቂያው እንደላላ አገኙ። በመፍቻ አጠበቁት።

«ይኸው! በቃ ይሄ ነበር ጥፋቱ» አሉ፤ እጃቸውን እየጠረጉ። ናቲ ላይ በኩራት ዓይናቸውን ጣሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አፍንጫዬ፣ እስቲ አሽትቺው። አሁን የለም አይደል?»

አጎነበስኩ። አለ። ከላላው ቱቦ ሳይሆን ከክዳኗ ላይ ካለችው ማጣሪያ ቀጭን እንፋሎት እየተነነ ነው። ዘይት ዘይት ይላል። ቀና ስል ጋሽ ወርቁ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል፤ ናቲ ይጠብቀኛል። አንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት «ይኸው ጨረስኩት» ብሎ እየሳቀ «አልጨረሱም» ማለት ምን ዓይነት ጉሮሮ ይጠይቃል? እኔ የለኝም።

«የለም» አልኩ።

«ጎሽ! በል ናቲ፣ እጄን ታጥቤ እንሞክራታለን። ሞተሩ ይሙቅ፤ አንተም ሻይህን ጠጣ» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ናቲም በስልኩ እያወራ ወደ በሩ ወጣ።

እኔና ሞተሩ ብቻችንን ቀረን። ፍርሃቴ ጀመረ። አሁን ናቲ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሽታውን ሲያገኘው ጋሽ ወርቁ ምን ሊሆኑ ነው? ሊያፍሩ ነው። ያሳፈርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ቤት ምን ብዬ ነው የምገባው? እንፋሎቱ ደግሞ ዓይኔ እያየ ይተናል። አረቄ ሲወጣ እንፋሎት በስንጥቅ ካመለጠ እናቴ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ትጮኻለች፤ «ምርጊቱ የታለ?» ትላለች። ምርጊት ማለት ዕቃና መቃ የሚገናኙበትን ቀዳዳ የምናሽግበት ሊጥ ነው።

ሊጥ ደግሞ ነበረኝ። ለምሳ ቂጣ ልጋግር ዱቄት አቡክቼ ሻይ ማፍያው አጠገብ በሳህን ከድኜ አስቀምጬው ነበር።

አያችሁ፣ ሰው ሞኝ የሚሆነው ምንም ሳያውቅ ሲቀር አይደለም። እኔ ያን ቀን ያጠፋሁት አንድ ነገር ስለማውቅ ነው። ሊጡን አምጥቼ ማጣሪያዋን ዙሪያዋን አለበስኳት፤ በጣቴ እያረጠብኩ ለሰንኳት፤ እንዳይሰነጠቅ በጨርቅ ቅዳጅ አሰርኳት። ያማረ ምርጊት ነበር። እናቴ ብታየው ትመርቀኝ ነበር። ከዚያ ሰው እንዳያየኝ ኮፈኑን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ጋሽ ወርቁ እጃቸውን እያደረቁ መጡ። «ዘጋሽው? ጎበዝ። በይ ከኋላ ግቢ።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ላሸት ነው? መንገድ ላይ የምታሸትልኝ አንቺ አይደለሽም?»

ገባሁ። ናቲ መሪውን ያዘ፤ ጋሽ ወርቁ ከጎኑ ተቀመጡ። ወንበሩ ጠባብ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል። ከጋራዡ ወጥተን መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

«አለ?» አሉ ጋሽ ወርቁ ሳይዞሩ።

አሸተትኩ። እውነት ምንም የለም። «የለም» አልኩ፤ አሁን በሙሉ ልቤ።

ናቲ አፍንጫውን ወደ ማሞቂያው አስጠግቶ ሳበ። «ዋው! ጠፍቷል! ጋሼ፣ ጂኒየስ ነህ!»

ጋሽ ወርቁ ደረታቸውን ነፉ። እኔም ከኋላ ሆኜ ትንሽ ነፋሁ። ያ ደስታ የቆየው መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ነው። ምክንያቱም ጋሽ ወርቁ ደስ ሲላቸው ማስተማር ይጀምራሉ።

«አየህ ናቲ፣ ሞተር ትንፋሽ አለው። ፒስቶኑ ላይ ፋሻ የሚባል ቀለበት አለ። ፋሻው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ከሚነደው ጋዝ ጥቂቱ እየሾለከ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ተራ መኪና ላይ ይህ ጥቂት ነው። ያንተዋ ግን ተርቦ አላት። ተርቦ ለሞተር አየር በግድ ያጎርሳል። በግድ የጎረሰ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«በርፕ ያደርጋል» አለ ናቲ።

«ያገሳል በል! ያ ግሳት ነው በቱቦው ወጥቶ ጣሳዋ ውስጥ የሚገባው። የያዘው ዘይት እዚያ ይቀራል፤ ንጹሑ አየር በማጣሪያዋ ወደ ውጭ ይወጣል።»

ወደ ውጭ ይወጣል። ልክ እንዲህ ነው ያሉት። በእናቴ አረቄ ላይ እንፋሎት ወደ ውጭ ከወጣ ኪሳራ ነው። እዚህ ግን መውጣት አለበት ማለት ነው? እጄን አየሁት። ጥፍሬ ሥር ሊጥ አለ። ከቀሚሴ ሥር ደበቅኩት።

«መውጫው ቢዘጋስ?» አለ ናቲ።

ምናለ ባይጠይቅ!

«ማን እብድ ይዘጋዋል?» ብለው ሳቁ። «ግን ለምሳሌ ያህል ቢዘጋ፣ የሞተሩ ሆድ ይነፋል። ዘይቱ ማምለጫ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ተርቦው የጠጣው ዘይት ወደ ሆዱ መመለስ ያቅተዋል፤ በጭስ መውጫው በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል...»

ወደ ኋላ ዞሬ በመስታወቱ አየሁ። እስካሁን ጭስ የለም። አንድ ቀይ አውቶቡስ ብቻ ይከተለናል። እፎይ አልኩ።

«ቆይ» አለ ናቲ። «ዳቦ ዳቦ አይልም?»

ይላል። ጥሩ አድርጎ ይላል። ሊጤ ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ መብሰል ጀምሯል። 

«አፍንጫዬ፣ ዳቦ ይላል እንዴ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ዳቦ ቤት... አልፈን ይሆናል» አልኩ። ድምፄ የራሴ ጆሮ ውስጥ እንኳ በደንብ አልደረሰም።

ናቲ መኪናዋን ወደ አርችዌይ ሮድ ዳገት መለሳት። ጋሽ ወርቁ ማንኛውንም መኪና የሚፈትኑት እዚያ ዳገት ላይ ነው። «በል እስቲ ስጣት!» አሉ። ናቲ ነዳጁን ረገጠ። ተርቦው እንደ አውሎ ነፋስ ፉጨቱን ለቀቀው፤ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። በግድ እያጎረሰ ነው። ሞተሩ እየጎረሰ ነው። ማግሻ የለውም። ማግሻውን እኔ በእጄ ለስኜዋለሁ።

ገብርኤል ሆይ፣ አንድ ሻማ።

«ሁለተኛ» ቀጠሉ ጋሽ ወርቁ፣ «የዘይት መለኪያዋን ዱላ እንደ ጥይት ይተፋታል። ሦስተኛ፣ ማሸጊያ ጎማዎቹን ይበሳል። ያኔ ሞተሩን አልቅሰህ ትቀብራለህ። አራተኛ...»

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ግን እሳቸው አራተኛውን ጀምረዋል። አራተኛ ብሎ የጀመረን ትልቅ ሰው እንዴት ነው የሚቆርጡት? አራተኛው ያልቃል፣ ያኔ እናገራለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

«አራተኛው የከፋው ነው። ተርቦ ዳገት ሲወጣ እንደ ከሰል ይቀላል። የተተፋው ዘይት እላዩ ላይ ከተረጨ እሳት ነው። ሰው በሩን ከፍቶ እስኪወጣ እንኳ...» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት አሰብ መንገድ ላይ አንድ ጓድ ነበር...»

ወደ አሰብ ሄዱ። እኛ እዚህ ልንቃጠል እሳቸው አሰብ ናቸው! ገብርኤል ሆይ፣ ሻማው ቀርቶ ጥላ።

እንደገና ወደ ኋላ ዞርኩ። ቀዩ አውቶቡስ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ሰማያዊ ሆኗል። ከማርሚታችን የሚወጣው ጭስ ሸፍኖታል። ሹፌሩ መብራቱን ያበራል ያጠፋል። አንደኛው ደርሷል ማለት ነው። ሁለተኛው ይቀጥላል። ከበሩ እጀታ ፈልጌ አጣሁ፤ ለካ ባለ ሁለት በር መኪና ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚወጣው ከፊት የተቀመጠው ሰው ሲወጣ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት ደግሞ ጋሽ ወርቁ ናቸው።

«ጋሽ ወርቁ» አልኩ በሹክሹክታ።

«...ጓዱ ታዲያ ቤንዚን ጫኝ መኪና ነበር የሚነዳው...»

«ጋሽ ወርቁ።»

«ቆይ፣ ልጨርስለት።»

ቆየሁ። አዎ፣ ቆየሁ! እዚህ ላይ ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም። ገብርኤል ሆይ፣ ጥላና ምንጣፍ፤ በእጄ ሠርቼ።

ያኔ ከኮፈኑ ሥር ጧ! አለ። ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚለው ያለ ድምፅ ነው። ተከትሎ ጭስ በኮፈኑ ጠርዝ በኩል ነጭ ሆኖ ተንቦለቦለ።

«ዋት ዘ...» አለ ናቲ።

ጋሽ ወርቁ የአሰቡን ጓድ ታሪክ ሊጨርሱ አየር ለመሳብ ቆም አሉ። ያቺን ክፍተት ነበር የምጠብቀው። ገባሁባት። በሕይወቴ ያልጮኽኩትን ጩኸት ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣሁት።

«አቁም! እሳት ነው! መውጫውን እኔ ነኝ የደፈንኩት! በሊጥ!»

ናቲ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማት፤ ቁልፉን አዞረ። ጋሽ ወርቁ ወጡ፤ እኔ በወንበሩ ላይ ተንጠላጥዬ አስፋልት ላይ በጉልበቴ ወረድኩ። አውቶቡሱ ከኋላችን ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ ገፉን፤ የእሳት ማጥፊያዋን ከናቲ ወንበር ሥር መዘው ጭሱ እስኪቀንስ ጠበቁ። ነበልባል የለም። ዘይቱ የተረጨው ከተርቦው አንድ ስንዝር ርቆ ነው። አንድ ስንዝር! ኋላ በእጄ ለክቼዋለሁ፤ ያውም ሁለቴ።

ኮፈኑ ሲከፈት ምርጊቴ እዚያው ነበር። ቡናማ ሆኖ፣ አብጦ፣ ቅርፊት አውጥቶ። ጋሽ ወርቁ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርጊት።»

«ምርጊት» አሉ፤ ቃሉን ከሰሙ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ይመስላል። «ማነው ያዘዘሽ?»

«ሽታው አልጠፋም ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

 ጋሽ ወርቁ ጨርቅ አንጥፈው አስፋልቱ ላይ ተኙና በስልካቸው መብራት ከሞተሩ ሥር ገቡ። ማሸጊያ ጎማዎቹን እያዩ ነው። የሞተሩ ነፍስ እዚያ ነው ያለው፤ ከተበሱ ናቲ ነገ እናቱን የሚያደርስበት መኪና የለውም፤ ጋሽ ወርቁም ስም የላቸውም። ናቲ ጥፍሩን ይበላል። እኔ የሚበላ ጥፍር አልቀረኝም። ከመኪናዋ ሥር እግራቸው ብቻ ይታያል። አንዱ ጫማ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ደረቅ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። «አልተበሳም። ዘይቱ ደካማዋን በር መርጦ በመለኪያዋ በኩል ነው የወጣው። ተመስገን።»

ተነሱ፤ ሸሚዛቸውን አራገፉ፤ ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ። መዝጋት እንደሌለብሽ ያወቅሽው መቼ ነው?»

«መብራቱን እንዳለፍን። ስለ ግሳት ሲነግሩት።»

«እና ዳገቱን ሙሉ ለምን አልተናገርሽም?»

«እያወሩ ነበር።»

ናቲ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። «ዌይት። ልንሞት የነበረው... ጨዋ ስለሆነች ነው?»

ጋሽ ወርቁ ቂጣውን ነቅለው ማጣሪያዋን አጸዱ፤ የተረጨውን ዘይት ጠረጉ፤ ሞተሩ እስኪበርድ ፌርማታው ወንበር ላይ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። አውቶቡስ የምንጠብቅ መስሏቸው ሁለት ሹፌሮች በር ከፈቱልን። ከዚያ ጋሽ ወርቁ ከኋላ ሣጥኑ ዘይት አምጥተው ጨመሩ፤ በመለኪያዋ ዱላ ለኩ፤ ዱላዋን ጠረጉ፤ የዘይቱን ክዳን አጠበቁ፤ ኮፈኑን ዘጉ። እውነተኛውን መፍትሔም ለናቲ ነገሩት፤ በማጣሪያዋ ፈንታ ቱቦ ይገጠምና ትንፋሹ ከተርቦው በፊት ወዳለው አየር መሳቢያ ይመለሳል፤ ዛሬውኑ ይሠራል፣ እናቱም አታስልም።

መኪናዋ ውስጥ ገባን። ናቲ ቁልፉን ያዘ። ሁለቱም አልተቆጡኝም፤ ያም ራሱ አስፈራኝ። ጋሽ ወርቁ ግን ቀለል ሲላቸው አየሁ። ወንበራቸው ላይ ወደ እኛ ዞር አሉ፤ ሌባ ጣታቸው ተነሳ። ያንን ጣት አውቀዋለሁ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ነው።

«አያችሁ ልጆቼ፣ ከዛሬው የምንማረው ትልቁ ቁምነገር፣ ሞተርም ሆነ ሰው፣ ውስጡ ያለውን...»

«ጋሽ ወርቁ» አልኩ።

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ናቲ በመስታወቱ አየኝ። ቃሉ ወጣ፤ ያውም ሳይንቀጠቀጥ።

«ይቅርታ ላቋርጥዎት። የዘይት መለኪያዋን ዱላ አልመለሷትም፤ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ናት።»